ሰባተኛው ሳምንት

ሜክሲኮ አደባባይ፥ ስድስተኛው ፎቅ ላይ፥
ከመስኮቱ ማዶ ባቡሩ ሲታይ፥
እኔ ከተማ አለኝ በማሽን ሆድ ውስጥ፥
በአንድ ጣት የሚቆም፥ በአንድ ጣት የሚሮጥ።
አርባ ሺህ ነጥቦች።
እናት አባት የላት፥ የነጥብ ጠባይ ቁጥር ነው፤
ስስቷን ከዜሮ እስከ አንድ የሰፈርኩት እኔው።
ደመወዝ ትቀበላለች፥ ታክሲ ትሰለፋለች፥
ዘይት ሲወደድባት ትበደራለች።

ይሄ የመሥሪያ ቤቱ ነው። የራሴ ሌላ ነው።

የሕንፃችን ዕቁብ አሥራ አራት ሰው አለው፤
በሳምንት ሦስት መቶ፤ ስማችን ተጣጥፎ
ከአቶ ደገፉ ባርኔጣ ይወጣል ተዛቁኖ ተዝረክርኮ።
ጸሐፊዋ እኔ ነኝ።
አንድ ማታ ታዲያ፥ ሰው ሁሉ ሲሄድ፥
አሥራ አራታችንን አስገባሁ በኮድ።
ዋቅቶላ ዘበኛው፦ አምስት ልጅ፥ የቤት ኪራይ፤
ጥላዬ ሒሳብ ሹሙ፦ ቃሉ የሐምሌ ፀሐይ፤
እማዋይሽ ባለሻይ፦ በዱቤ መዝገቧ ግማሹ ፎቅ የታሰረ፤
እኔ፦ ሠላሳ አራት ዓመት፥ ዕዳ የለም (ይህን ስጽፍ ጣቴ አፈረ)።

አስኬድኩት ሺህ ጊዜ። ሺህ ጊዜ ዕጣ ወጣ።
ከሺው ዘጠኝ መቶው ላይ፥
በሰባተኛው ሳምንት፥ አንድ ከፋይ ሳይመጣ፦
ሽንኩርት መቶ ሲገባ ዋቅቶላ ይቀራል፤
ዋቅቶላ ሲቀር ጥላዬ «እኔስ ለምን?» ይላል፤
ጥላዬ ካለ ሌላው፥ ሌላው ካለ ሌላ፥
አንድ ክር የሳቡት ሹራብ ነው በኋላ።
አረንጓዴው ነጥብ አንድ በአንድ ቀልቶ ሲያልቅ
መብራት ሄደ።
ጨለማው ውስጥ ቁጭ አልኩ፥
የማይነገር መርዶ ጉንጩ ውስጥ እንደያዘ ሰው።

ልንገራቸው? ብነግርስ? ያንንም ሞከርኩት፤
«ወሬ» የሚል አንድ መስመር ከኮዱ ጨመርኩት፤
በሦስተኛው ሳምንት አለቀ።
ትንቢት ለካ ከአፍ ሲወጣ ነው የሚሠራ፥
ዝም ያሉት እንደሆን ስህተት ተብሎ የሚጠራ።
ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አልኩና
መዝገቤን ይዤ ቅዳሜን ጠበቅኩ።

ሰባተኛው ቅዳሜ ዘነበ፤
የሳሪሱ ታክሲ ሰልፍ ከፋርማሲው ደጅ ታጠፈ፥
ሽንኩርትም፥ ልክ እንዳልኩት፥ መቶን አለፈ።
ዋቅቶላ ቀረ። ልክ ማሽኑ እንዳለው።
(ሰው ጎድሎብኝ ደስ አለኝ፤
እግዜር ይቅር ይበለኝ፥ ልክ መሆን እንዲህ ነው።)
ጥላዬ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ያቺን ቃል ሊል ነው፥ አወቅኳት፤
እማዋይሽ ግን ከሽርጧ ኪስ እርጥብ ብር አውጥታ
ጠረጴዛው ላይ ጣለች፦
«የዋቅቶላ ነው። ጻፊው። ዕጣው ይውጣ።»

ደረጃው ላይ ደረስኩባት፦ «እንዴት አዘንሽለት?»
«ማ? እኔ?» ሳቀች። «ሐዘንስ የለኝም ዛሬስ፤
ዕጣዬ ገና ነው። ዕቁቡ ቢፈርስ
የስድስት ሳምንቴን ማን አለ የሚመልስ?
ለዋቅቶላ እንደሆን እጽፍበታለሁ፤ ሻዩንም በዱቤ ነው የሚጠጣው።»

ስስት! ያቺው ስስት፥ በገዛ እጄ ሰፍሬ የሰጠኋት፥
ወደዚህ ትታጠፋለች ብዬ ያልጠረጠርኳት።

ማታውኑ ተመልሼ አንድ መስመር ጻፍኩ፦
ዕጣህ ካልወጣ፥ የጎረቤትህን ጉድለት ሙላ።
ሰው ስለሌለ፥ የራሴንም ዕዳ
በልኩ አስገባሁ።
ሰባተኛው አለፈ። ስምንተኛው። ዘጠነኛው።
በአሥረኛው ዕጣዬ ወጣ።
በአሥራ አንደኛው አንዲት ነጥብ ቀላች፤
ስሟን ከፍቼ አየሁት።

ወረድኩ። ዋቅቶላ ለሌሊት ተራው ገብቷል፤
አቀርቅሮ በሩን ከፈተልኝ፥
አቀርቅሬ ወጣሁ።
ሰልፉ መጨረሻ ላይ፥ ዝናቡ አባርቶ፥
የሚቀጥለውን ሦስት መቶ
ከሌላው ብሬ ለይቼ
ካልሲዬ ውስጥ ሸጎጥኩት፤
ከራሴ ደብቄ።